ማዳም ኩሪ በቁስለኞች መካከል

በነጻ ትምህርት ዕድል ባዕድ አገር ለምንማር ሁሉ የማዳም ማሪ ኩሪ ሕይወት ሩቅ አይደለም። በ1867 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ሲወለዱ ፖላንድ በሩስያ ዛር ሥር ነበረች፤ የከተማይቱም ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። እኅታቸውን ፓሪስ ሕክምና ለማስተማር በሰው ቤት ልጆች ሲያስተምሩ ዓመታት ቆይተው፣ በ1891 ተራቸው ደርሶ ተከተሉ። በ1893 ያገኙትን የ600 ሩብል ስኮላርሺፕ፣ ገንዘብ እንደያዙ ማንም ሳይጠይቃቸው መለሱ!

የ1903ቱንና የ1911ዱን ኖቤል ሁሉም ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙ ሐኪሞች ጥይትና ፍንጣሪን በቁስለኛው ሰውነት ውስጥ በዳበሳ ይፈልጉ ነበር። ማዳም ኩሪ መኪና መንዳት ተማሩ፤ የሰውነትን አሠራር አጠኑ፤ ሃያ ያህል መኪናዎች ላይ የራጅ መሣሪያ አስጫኑ። ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ዲናሞ በመኪናው ሞተር ይዞር ነበር። ከ17 ዓመት ልጃቸው ከኢሬን ጋር እስከ ጦር ግንባሩ አካባቢ እየሄዱ በገዛ እጃቸው ራጅ አነሱ። ሁለት መቶ ያህል ቋሚ የራጅ ክፍሎች ተከፈቱ፤ 150 ያህል ሴቶች በራጅ አንሺነት ሠለጠኑ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደሮች ተመረመሩ።

እዚህ በአል ዐይንና በአቡ ዳቢ የኤም አር አይ ባለሙያውን ሰላም ሳይል የሚያልፍ የሕክምና ተማሪ አይጠፋም። የሙያው ቅድመ አያት ግን ባለሁለት ኖቤሏ ሴት ናቸው።

ኤም አር አይ የራጅ ጨረር የለበትም። በእሳቸው ጊዜ መከላከያው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በ1934 የመቅኒ ደም ማምረት በማቆሙ ዐረፉ። በ1995 አፅማቸው ሲነሳ የተገኘው ሬዲየም አነስተኛ ስለነበር፣ ይበልጥ የተጠረጠረው የጦርነቱ ዘመን ራጅ ነው።