ኤሊንግተን ያለ ባንዱ

ጀሞ የምኖርበት ሕንፃ ላይ መብራት ሲጠፋ የጎረቤቶቼ ቴሌቪዥኖችም አብረው ዝም ይላሉ። ያኔ ስልኬ ላይ ዱክ ኤሊንግተንን እከፍታለሁ፤ ትልቁን ባንድ ሳይሆን ሰውዬውን ከነፒያኖው።

ዋሽንግተን ከተማ በ1899 ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የመጀመሪያ ዜማውን የሠራው በ1914 ገደማ፣ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ተቀጥሮ ሳለ ነው። ኖታ መጻፍ ገና አያውቅም፤ በጆሮው ነው የያዛት። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ባንድ መራ። ስሙም የገነነው በዚሁ ነው።

በ1972 ግን ኒውዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም ውስጥ ባንዱን ትቶ ፒያኖ ፊት ተቀመጠ። አልፎ አልፎ ቤዝና ድራም ያጅቡታል እንጂ አብዛኛው የብቻው ነው፤ ካንዱ ዜማ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ እዚያው እየፈጠረ። ያቺን የልጅነት ዜማም ነካት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ጣቶቹ ሲፈልጓት ይሰማኛል፤ እውነቱን ለመናገር ከአልበሙ ሁሉ እኔ የምደጋግመው እሷን ነው።

በዓመቱ ከነባንዱ አዲስ አበባ መጣ። ወጣቱ ሙላቱ አስታጥቄ አስተናገደው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሸለሙት። በግንቦት 1974 ሞተ፤ አራት ወር ሳይሞላ ንጉሡም ከዙፋናቸው ወረዱ። ከተማችን ያየችው ባለ ባንዱን ኤሊንግተን ነው። የዊትኒው ምሽት አልበም ሆኖ የወጣው በ1995፣ እሱ ካረፈ ከ21 ዓመት በኋላ ነበር።