ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የነፃ ሠራተኛ ዕድል

የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ጨውና ግመሉን ይዞ ሲገናኙ ተመልክቶ ይደነቃል። ነገር ግን ከወሎ ደጋ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ ታጁራ ይወርድ በነበረው የነጋዴ መንገድ እህልና ከብት ብቻ ሳይሆን ሰውም ይነዳ ነበር። ዛሬም ከዚሁ አገር የሚነሡ ብዙ ወጣቶች ያለ ውልና ያለ ሕክምና ዋስትና ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳሉ። እኛም ስለ ሠራተኛ መብትና ጤና በተነሣ ቁጥር አስቀድመን የምናስባቸው አንድ ሰው አሉ፤ እሳቸውም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ሲሆኑ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የ3 ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለያይተው የተገኙትን ሕፃን የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ ስማቸውም ተለውጦ ቻርለስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ከፍ አድርገው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። የአድዋ ድል ወሬ ልባቸውን ስለ ቀሰቀሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። አያታቸውም በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው። ቋንቋቸውን ግን ፈጽሞ ረስተውት ስለ ነበር ከገዛ ዘመዶቻቸው ጋር የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው።

አብዛኛው ሰው ሐኪም ወርቅነህን የሚያነሣቸው በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው በማለት ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላቸው።

በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚሁም የዓለም ሥራ ድርጅት አባልነትን አገኘች። ወደ ማኅበሩ ለመግባት ስትጠይቅ ከሁሉ በላይ የተነሣባት ክርክር የባርነት ነገር ነበር። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የባርነትን ሥርዓት የሚገድብ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ግን ባሪያውን ወዲያው አላወጣውም፤ ጌታው ከሞተ በኋላ ገና 7 ዓመት ይጠብቅ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ይህ ጊዜ ወደ 1 ዓመት አጠረ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢያችን ነፃ የወጣውን ሰው በዓይነ ሕሊናው ይመልከተው። በእጁ ወረቀት አለ፤ መሬት የለውም፣ ሙያ የለውም፣ ቢታመም የሚያስታምመው የለም። የተያዘው በልጅነቱ ከሆነ የትውልድ መንደሩን ስም እንኳ ላያውቀው ይችላል። ታዲያ ወደ ቀድሞው ጌታው ደጅ ቢመለስ ምን ያስደንቃል? ሐኪም ወርቅነህ የደከሙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲመሩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከባርነት የወጡ ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ ነበር። የመሳፍንቱ ልጅና የባሪያው ልጅ በአንድ ሰው ኀላፊነት ሥር መማራቸው በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው በሕፃንነታቸው ከአገራቸው የተወሰዱ መሆናቸውን ስናስብ፣ ለእነዚያ ልጆች ለምን እንደ ተጉ ይገባን ይመስለናል።

በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ሳለ በኒው ዮርክ ሀርለም የሚገኙ ጥቁር አሜሪካውያን ባለ ሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ከዚያም ጨርጨርን፣ ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታሰበውን አገር፣ በገዢነት አስተዳደሩ።

የዓለም ሥራ ድርጅት ማንም ሰው በቅጣት እየተፈራራ ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራ የሚከለክለውን ስምምነት ያወጣው በ1922 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ግን ከ70 ዓመት በላይ ቆይታ በ1995 ዓ.ም. ሆነ። የማኅበሩ አባል ለመሆን ለተጣደፈች አገር ይህ መዘግየት እጅግ ያስገርመናል።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተካሄደው ፍጅት ዮሴፍና ቢንያም የተባሉ ሁለት ልጆቻቸው ተገደሉ። አባትዬው ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።