ፍሬድሪክ ላንቸስተርና የሞተር ንዝረት

ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በወለንጪቲ፣ አንድ ያረጀ ፒክአፕ ሞተሩ በሚኒሞ እየተንቀጠቀጠ ሲቆም መካኒኩ የሚሰጠው ፍርድ ቀላል አይደለም። ሞተሩ ይፈታ ካለ ባለቤቱ የወራት ገቢውን ያጣል። ለዚህ ፍርድ መሠረት የሚሆነውን ዕውቀት ካቆዩልን አንዱ፣ በሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ ስሙ እምብዛም የማይነሣው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላንቸስተር በ1868 በለንደን ከአንድ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ተወለደ። የመጀመሪያይቱ መኪናው በ1896 መንገድ ላይ ወጣች፤ ነገር ግን ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተርዋ አላረካውም። ሌላ ሰው ቢሆን መቀመጫውን ባለሰለሰ ነበር። እርሱ ግን ሞተሩን ለውጦ ሁለት ክራንክ ሻፍት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩበት ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሠራ፤ ይኸውም የአንዱን ግፊት ሌላው እንዲሽረው ነው። በ1899 ከወንድሞቹ ጋር ያቋቋመው ኩባንያ ግን በ1904 በገንዘብ እጦት ተንኮታኮተ። እንደገና ቢደራጅም ላንቸስተር ከ1909 ጀምሮ የዳይምለር አማካሪ ሆነ።

ትልቁ ሥራው የባለ አራት ሲሊንደር ሞተርን ንዝረት መመርመሩ ነው። ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ሆኖም ቢየላው ስለሚያዘነብል የሚወጡትና የሚወርዱት እኩል አይፈጥኑም። በዚህም የተነሣ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመታ ግፊት ይተርፋል። ላንቸስተር ይህን ግፊት ክብደት በተሸከሙ፣ በተቃራኒ አቅጣጫና በእጥፍ ፍጥነት በሚዞሩ ሁለት ዘንጎች ሻረው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጋራዥ ሰው ትልቅ ነው። ይህ ግፊት የተፈጥሮ ነው፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፣ በሚኒሞ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ቀስ ሲል የሚንቀጠቀጥና ሲፋጠን የሚረጋ ሞተር ብዙውን ጊዜ የማይሠራ ሲሊንደር ወይም የተበላሹ የሞተር ማቆሚያ ጎማዎች አሉት። ቤንዚን ከሆነ የካንዴላውን ሽቦ እየነቀሉ፣ ናፍጣ ከሆነ የኖዝሉን ቧንቧ ዳዶ በየተራ እያላሉ ማዳመጥ ነው፤ ድምፁ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ሥራ ፈት ነው።

ሚትሱቢሺ በ1975 የላንቸስተርን ዘንጎች አሻሽሎ በሞተሮቹ አስገባ፤ በአገራችን መንገዶች የሚታዩት የቆዩ ፓጄሮና ኤል 200 ብዙዎቹ ይህ አላቸው። በነዚህ ላይ መንቀጥቀጡ ቺንጋ ከተለወጠ በኋላ ከጀመረና ዙር ሲጨምር ከባሰ ሲሊንደሩን ከመክሰስ በፊት የዘንጎቹን ምልክት ማየት ይገባል። በአንዳንዶቹ ምልክቱ የገጠመ እየመሰለ ዘንጉ ግማሽ ዙር ይስታል።

ላንቸስተር ይህን አላየም። ስለ በረራም መጻሕፍት ደርሶ በ1922 የሮያል ሶሳይቲ አባል ቢሆንም፣ ከፈጠራዎቹ የሚበቃ ሀብት አላገኘም። በመጨረሻ ዕድሜው በሕመምና በገንዘብ ችግር ተይዞ፣ በ1946 በበርሚንግሃም አረፈ። ስሙን የያዘው ፋብሪካ ከ1931 ጀምሮ በሌሎች እጅ ነበር።