ሬጂናልድ ሃምሊን፦ ለሦስት ዓመት መጥተው ዕድሜ ልካቸውን የቀሩት ሐኪም

የፌስቱላ ሕክምና ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስታውሰው ዶክተር ካትሪን ሃምሊንን ነው። ከጎናቸው ሆነው በኢትዮጵያ ለ34 ዓመታት የደከሙት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ግን እምብዛም አይወሱም።

ሬጂናልድ በ1900 ዓ.ም. በኒውዚላንድ ኔፒየር ከተማ ተወለዱ። የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ሆነው በአውስትራሊያ ሲድኒ ሲሠሩ ከካትሪን ጋር ተዋወቁ፤ በ1942 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። በ1951 ዓ.ም. ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ በእጃቸው የነበረው የሦስት ዓመት ውል ነው። ተልእኳቸውም በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር።

በሆስፒታሉ የጠበቃቸው ግን በአገራቸው አይተውት የማያውቁት ጉዳት ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እናቲቱም ሽንቷን፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድሯን መቆጣጠር ተስኗት፣ ከትዳሯ ተለይታና ከሰው ርቃ ትቀመጣለች።

ሬጂናልድ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዳግም ተማሪ ሆኑ። የግብጻዊውን ሐኪም የናጊብ ማህፉዝን ጨምሮ የቀደምት ባለሙያዎችን ጽሑፎች መረመሩ። ቀዶ ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል፦ በጠባሳ የተጣበቀውን ፊኛ ከብልት ግድግዳ መለየት፣ ቀዳዳውን ሳይወጥሩ መስፋት፣ ከዚያም ስፌቱ እስኪጠግግ ድረስ ሽንቱን በቱቦ ማውረድ።

የዳነችው ወደ መንደሯ ስትመለስ ወሬው ተሰማ፤ ሴቶችም ከሩቅ አገር ይመጡ ጀመር። በሌሎች ሕሙማን መካከል እንዳይሸማቀቁ በሆስፒታሉ ግቢ ማረፊያ ተሠራላቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽም ባልና ሚስቱ ለፌስቱላ ታካሚዎች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ።

ከሬጂናልድ ሥራዎች ሁሉ ልቆ የሚታየው ግን እውቀታቸውን ያወረሱበት መንገድ ነው። ማሚቱ ጋሼ ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ ለሕክምና የመጣች ወጣት ነበረች። አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ወደ ማቀበል ደረሰች፤ ሬጂናልድም ደረጃ በደረጃ ቀዶ ሕክምናውን አስተማሯት። የትናንቷ ታካሚ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ባለሙያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሁለቱ ሃምሊኖችና ለእርሷ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ።

ሬጂናልድ በሐምሌ 1985 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ካትሪን ሥራውን ቀጠሉ፤ ሕክምናው ባሕር ዳርን ጨምሮ በአምስት የክልል ከተሞች ተስፋፋ። ሬጂናልድ ካረፉ ከ14 ዓመታት በኋላም የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸውም ይኸው ጉዳይ ነበር፤ በምጥ ሰዓት የሠለጠነች አዋላጅ ያገኘች እናት የቀዶ ሐኪሙን ምላጭ ላታየው ትችላለችና።