ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታእዛዝ

ከቦንጋ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። ልዑል ራስ እምሩ የቀረ ጦራቸውን ይዘው ሲዋጉ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ የወደቁት በዚሁ ወንዝ አጠገብ ነው። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ዝቅ አደረገ። በእኛ አውራጃ ሰው እየሞተ ሳለ በሩቅ አገር የኢትዮጵያ ስም ከመንግሥታት መዝገብ ሊፋቅ ነበር። ስሟ እንዳይፋቅ ከተከራከሩት ሰዎች የአንዱን ታሪክ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልናቀርብ ወደድን።

ሎሬንዞ ታእዛዝ በ1892 ዓ.ም. በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። አገሩ ያን ጊዜ በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ስለ ነበረ የገዥዎቹን ጠባይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር። ከዚያ ወጥተው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ወደ ፈረንሳይ ልከዋቸው በሞንፔልዬ ከተማ ሕግ ተማሩ። ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ በ1927 ዓ.ም. ከወሰን ኮሚሲዮኑ ጋር ወደ ኦጋዴን ወረዱ። የወልወል ግጭት የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ኢጣልያ ብቻዋን አልነበረችም። ይህን ስንል ሌላ መንግሥት ወታደር ላከላት ማለታችን አይደለም። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር ወር የንግድ ቅጣት ጣለባት፤ ነገር ግን የነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ቀረ። ያለ ነዳጅ የትኛው አውሮፕላን ይበራል? የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋባትም፤ ወታደርና የመርዝ ጋዝ የጫኑ መርከቦቿ ቀረጥ እየከፈሉ አለፉ። በኅዳር መጨረሻም የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ከአገራችን ሰፊውን ክፍል ለወራሪው የሚያስረክብ ዕቅድ አወጡ። እንደ ጲላጦስ እጃቸውን የታጠቡ ብዙዎች ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፥ ጠላትን ለሚያግዝ ወዳጅ ምን ይባላል? ቢሰድቡት ፈጽሞ ይርቃል፤ ዝም ቢሉት እንደ ፈቀዱለት ይቈጠራል። የኢትዮጵያ መንግሥት የመረጠው እያንዳንዱን መንግሥት በፈረመው ቃል መያዝ ነበር። የማኅበሩ ውል 10ኛ አንቀጽ የአባሎችን ነጻነትና ወሰን ለመጠበቅ ያስገድድ ነበር፤ አገራችንም ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ክረምት ለመከላከያ የሚሆን ብድር ብትጠይቅ 23 መንግሥታት እንቢ አሉ፤ 25ቱ ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ፤ የደገፈው የራሷ ድምፅ ብቻ ነበር። እኛ ብንሆን ኖሮ በዚያው ቀን በሩን ዘግተን በወጣን ነበር። የኢትዮጵያ መልእክተኞች ግን በመስከረም 1929 ዓ.ም. ተመልሰው መጡ፤ በመንበራቸው እንዲቀመጡም 39 መንግሥታት ፈቀዱ፤ የተቃወሙት 4 ነበሩ።

ሎሬንዞ በጄኔቭ የአገራቸው ቋሚ መልእክተኛ ሆነው ስለ ግፉ በየጊዜው ለማኅበሩ ያመለክቱ ነበር። ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም. ሎርድ ሃሊፋክስ እያንዳንዱ መንግሥት የኢጣልያን ድል ለማወቅ ነጻ ይሁን የሚል ሐሳብ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መጥተው ነበር፤ ስለ ታመሙ ግን ንግግራቸውን ያነበቡት ሎሬንዞ ናቸው። ንግግሩ የኢትዮጵያ ሕዝብ ገና እየተዋጋ መሆኑን አስረዳ፤ ነገሩም በአባሎች ሁሉ ጉባኤ እንዲታይ ጠየቀ። ቻይና፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቦሊቪያና ኒው ዚላንድ የእንግሊዝን ሐሳብ ተቃወሙ፤ የቀሩት ተቀበሉ። በኅዳር 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ የኢጣልያን ግዛት በሕግ አወቀች።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀናል። በጄኔቭ አርበኞች አሉ ብለው ያነበቡት ሰው በ1931 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰውረው ጎጃም ገቡ፤ አርበኞቹንም በዓይናቸው አይተው ለንጉሠ ነገሥቱ ወሬ ይዘው ተመለሱ። ቢያዙ ኖሮ ሞት ነበር የሚጠብቃቸው፤ ይልቁንም በቅኝ ግዛት ተወላጅነታቸው ኢጣልያኖች እንደ ከዳተኛ ያዩዋቸው ነበር።

ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ያው የእንግሊዝ መንግሥት ኢትዮጵያን ፈለገ። ሎሬንዞ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ሄዱ። ከነጻነት በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከነዚያው እንግሊዞች ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የጥር 1934 ዓ.ም. ውል የተፈረመው በእርሳቸው ዘመን ነው። በኋላ በሞስኮ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1938 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ አረፉ፤ ዕድሜያቸው 46 ያህል ነበር። የተወለዱባት ኤርትራ ያን ጊዜ ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች።