ከወንዝ ዳር መንደር የተነሳው ዳግ ኒኮልስ

ልጆች፣ ዛሬ ያመጣንላችሁ የአንድ ኳስ ተጫዋች ታሪክ ነው። ኳስ ስንላችሁ ግን ፔሌንና ማራዶናን እንዳታስቡ። የዛሬው ሰው የተጫወተበት ኳስ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በእግርም ይለጋል፣ በእጅም ይያዛል። ሜዳውም ሞላላ ነው። በአንድ ቡድን 18 ሰው ይሰለፋል። ጎሉ መረብ የለውም፤ አራት ረጃጅም እንጨቶች ናቸው የቆሙት። በመሀለኞቹ ሁለት እንጨቶች መካከል ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ፣ በዳር በኩል ያለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ይህ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው። ሰውየውም ዳግላስ ኒኮልስ ይባላል፤ አገሬው ሁሉ ግን ዳግ እያለ ነው የሚጠራው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳግ የተወለደው ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ኩመራጉንጃ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ ያለችው መሬይ በሚባለው ወንዝ ዳር ነው። መሬይ የአውስትራሊያ ረጅሙ ወንዝ ሲሆን፣ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ወዲህ ማዶ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ወዲያ ማዶ ቪክቶሪያ፣ ሁለቱን ክፍላተ አገር የሚለየው እሱ ነው። ይህን ወንዝ አስታውሱት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

የዳግ ወገኖች ዮርታ ዮርታ ይባላሉ። እነሱ ነጮች ወደ አውስትራሊያ ከመምጣታቸው በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት በዚያ ወንዝ ዳር የኖሩ፣ አቦርጂን ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ነገር ግን ዳግ ሲወለድ በገዛ አገራቸው እንደ እንግዳ ነበር የሚታዩት። መንደሩን የሚያስተዳድረው መንግሥት የላከው ነጭ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ቀለቡንም በልክ የሚያድለው እሱ ነው።

ጥሩ ነገርም ነበራቸው፤ አስተማሪያቸው። ከሞሪሸስ ደሴት የመጡ ቶማስ ሻድራክ ጄምስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። (ሻድራክ ማለት እኛ ሲድራቅ የምንለው ነው፣ ከእሳት የዳነው!) እሳቸው ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ኋላ ለሕዝባቸው መብት የተከራከሩ ብዙዎች ናቸው።

ዳግ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ፖሊሶች መጥተው ታላቅ እህቱን ወሰዷት። ጥፋት ስላጠፋች አልነበረም። በዚያ ዘመን መንግሥት የአቦርጂን ልጆችን ከእናት ከአባታቸው እየነጠቀ ይወስድ ነበር። ሴቶቹን የቤት ሠራተኛ እንዲሆኑ ያሠለጥኗቸዋል። ዳግ ይህን በዓይኑ አየ፤ ዕድሜውን ሙሉም አልረሳውም።

እሱም ቢሆን ብዙ አልተማረም። ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ በግ እርባታ ሥራ ገባ። በጎች ሲሸለቱ መቀሱ ቆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ የዳግ ሥራ እየሮጠ ቁስሉን ሬንጅ መቀባት ነበር። ከሥራ መልስ ደግሞ ኳስ አለ! ኩመራጉንጃ ትንሽ ብትሆንም በኳስና በሩጫ የታወቀች ናት። በ1928 በአገሩ ትልቁን የስቶል ሩጫ ያሸነፈው ሊንች ኩፐር የዚያው የኩመራጉንጃ ሰው ነው። ዳግም ቁመቱ አጭር፣ 1 ሜትር ከ58 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ግን ሲሮጥ ማን ይይዘዋል? ሲዘልማ ከረጃጅሞቹ በላይ ነው ኳሷን የሚቀልባት።

መጀመሪያ ቶንጋላ ለምትባል የገጠር ከተማ ተጫወተ። ከዚያ በ1927 ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሜልበርን ወረደ፤ ካርልተን የሚባለው ትልቅ ቡድን ሊሞክረው ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ወጌሻው የዳግን እግር አላሽም አለ። ሌሎቹም ይሸታል እያሉ ሸሹት። ምክንያቱ ጥቁር መሆኑ ብቻ ነበር። ቡድኑም ሳይቀበለው ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ 20 ዓመቱ ነው፣ ከተማው አዲስ ነው፣ ዘመድ የለውም።

ዳግ ወደ ወንዙ አልተመለሰም። ኖርዝኮት ወደሚባል አነስ ያለ ቡድን ሄደ፤ ቡድኑም በ1929 ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት በናያና በዋራክናቢል ከተሞች የሩጫ ውድድር አሸነፈ። እነዚህ የገጠር ሩጫዎች አስቂኝ ደንብ አላቸው፦ ፈጣኑ ከኋላ፣ ደከም ያለው ከፊት ይነሳና መጨረሻ ላይ ሁሉም እኩል እንዲደርስ ይሞከራል። አሸናፊው የገንዘብ ሽልማት ያገኛል። ዳግ በየባዛሩ ድንኳን ተክሎ ከሚዞር የቦክስ ቡድን ጋርም ተደባድቧል። ለምን ቢባል፣ እንጀራ ነው!

በ1932 ፊትዝሮይ የሚባለው ትልቅ ቡድን ወሰደው። የመጀመሪያ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ብቻውን ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ የካርልተኑ ነገር ከውስጡ አልወጣም። ያኔ ሄይደን ባንተን ተነስቶ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ባንተን ማን መሰላችሁ? በ1931 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ፣ በ1932ና በ1935ም የደገመ ኮከብ ነው። እሱም ያደገው በዚያው በመሬይ ወንዝ ዳር፣ ከኩመራጉንጃ ወደ ላይ በምትገኘው በኦልበሪ ከተማ ነበር። ከዚያ በኋላ ልብስ የሚቀይሩት ጎን ለጎን ሆነው ነው። ታላቁ ኮከብ አጠገቡ ተቀምጦ እያዩ ሌሎቹ ምን ይበሉ? እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህን ነው የምወደው፤ ሰውየው ንግግር አላደረገም፣ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው።

ዳግ ለፊትዝሮይ 54 ጊዜ ተጫወተ። በ1935 የቪክቶሪያን ክፍለ አገር ማሊያ ለብሶ ተሰለፈ፤ ከአቦርጂኖች የመጀመሪያው ነው። በመጨረሻ የጉልበት ጉዳት ኳሱን አስተወው።

እስካሁን ልጅና ወጣት ስለነበረ እሱ እያልን መጣን። ከዚህ በኋላ ግን በአማርኛችን ደንብ አንቱ እንበላቸው፤ ምክንያቱም ሰባኪ ሆኑ፣ ሰዉም ፓስተር ዳግ ይላቸው ጀመር።

በ1939 የኩመራጉንጃ ሰዎች ረሃቡና የሥራ አስኪያጁ ጭቆና ሲበዛባቸው 200 የሚሆኑት ዕቃቸውን ተሸክመው ወንዙን ተሻግረው ወጡ። ፓስተር ዳግ ሜልበርን ሆነው ወገኖቻቸውን ረዱ። በፊትዝሮይ ሰፈርም ቤት ላጣው ቤት፣ ለታሰረው ዋስ ሲፈልጉ ይውሉ ነበር። ባለቤታቸው ግላዲስም አብረዋቸው ይለፉ ነበር። ኳስ ተጫዋችነታቸው እዚህም ጠቀማቸው፤ ስማቸውን የማያውቅ ስላልነበረ ባለሥልጣኑ ሁሉ በሩን ይከፍትላቸዋል።

አቦርጂኖች በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲቆጠሩ ከታገሉት አንዱ እሳቸው ናቸው። በሜይ 1967 በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው ሕዝብ ይቆጠሩ አለ። በ1972 ከእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕረግ አገኙ። በዲሴምበር 1976 ደግሞ የሳውዝ አውስትራሊያ አገረ ገዥ ሆኑ፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ አቦርጂን ከሳቸው በፊት አልነበረም። ወዲያው ግን ታመሙና በኤፕሪል 1977 ሥራውን ለቀቁ።

ከ2016 ጀምሮ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ በየዓመቱ በሳቸው ስም የሚጠራ የጨዋታ ሳምንት አለው። በዚያ ሳምንት ካርልተንም ጭምር ሁሉም ቡድኖች በአቦርጂን ሠዓሊዎች የተሣለ ማሊያ ይለብሳሉ።

ሰር ዳግ ጁን 4 ቀን 1988 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። መንግሥት በክብር ሸኛቸው። የተቀበሩት ግን አገረ ገዥ በነበሩበት ከተማ ወይም ሜልበርን አይደለም፤ ኩመራጉንጃ፣ መሬይ ወንዝ አጠገብ ነው።