ሼክስፒር እና የኖረበት ዘመን

በዛሬው ዝግጅቴ ስለ ታላቁ ጸሐፌ ተውኔት ስለ ዊልያም ሼክስፒር ላጫውታችሁ ነው። ስሙን ሁላችንም እንሰማለን። እኔ ግን ድርሰቶቹን ለመረዳት መጀመሪያ ሰውየው የኖረበትን ዘመን ማወቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ። እስቲ አንብቡና እናንተው ፍረዱ።

ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1564 በእንግሊዝ አገር፣ ስትራትፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዚያው ዓመት ከተማዋ ወረርሽኝ ገብቶባት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ሕፃኑ ሼክስፒር ግን ተረፈ። አባቱ ጆን የቆዳ ጓንት እየሰፋ የሚሸጥ ባለሙያ ነበር። ሼክስፒር ገና በ18 ዓመቱ አን ሃታዌይን አገባ። ሱዛናን፣ ቀጥሎም ሃምኔትና ጁዲት የተባሉ መንትዮችን ወለዱ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም።

ከዚያ ለንደን ሄዶ ተዋናይም ደራሲም ሆነ። የዚያን ጊዜ ቲያትር እኮ ከዛሬው በጣም ይለያል! ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች መሀላቸው ጣራ የለውም። ቲያትሩ የሚታየው በቀን ነው። ታዲያ ታሪኩ በሌሊት ቢሆንስ? ተዋናዩ ችቦ ይዞ ይወጣና ስለ ጨለማው ይናገራል፤ ተመልካቹም በቀን ብርሃን ቆሞ ሌሊቱን በሐሳቡ ያያል። ሴቶች መድረክ ላይ ስለማይወጡ ጁልየትን እንኳ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር። አንድ ፔኒ የከፈለ ቆሞ ያያል፤ ጨመር ያደረገ ይቀመጣል። ስለዚህ ሼክስፒር ሀብታሙንም ድሃውንም ማስደሰት ነበረበት። በአንድ ተውኔት ውስጥ ንጉሥም ቀልደኛም የምናገኘው ለዚህ ይመስለኛል።

ኑሮው ግን ቀላል አልነበረም። በ1593 በወረርሽኝ ምክንያት ቲያትር ቤቶች ተዘጉ። እሱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በዚያው ዓመት ረጅም ግጥም አሳተመ። በ1596 ደግሞ ልጁ ሃምኔት በ11 ዓመቱ ሞተ። የእኛ እኩያ ማለት ነው። እኔን በጣም ያሳዘነኝ ይኼ ነው። አባትየው ግን መጻፉን አላቆመም።

በ1599 እሱና ጓደኞቹ ግሎብ የተባለውን ቲያትር ቤት ሠሩ። በ1603 ከስኮትላንድ የመጣው ንጉሥ ጄምስ እንግሊዝ ላይ ነገሠ። ይህ ንጉሥ ስለ ጠንቋዮች መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሼክስፒር ማክቤዝን ሲጽፍ ታሪኩ የስኮትላንድ ሆነ፤ ጠንቋዮችም ገቡበት። አያችሁ፣ ዘመኑን ስናውቅ ተውኔቱ ይገባናል!

በ1613 ግሎብ ውስጥ ለትርኢት የተተኮሰ መድፍ የሣር ክዳኑን አቀጣጥሎት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ሼክስፒርም በ1616 በ52 ዓመቱ አረፈ።

በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ተውኔቶቹ ገና አልታተሙም ነበር። ሄሚንግስና ኮንዴል የተባሉ የመድረክ ጓደኞቹ ግን ሰብስበው በ1623 ባንድ መጽሐፍ 36 ተውኔቶችን አሳተሙ። ግማሾቹ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም፤ ማክቤዝም ከእነሱ አንዱ ነው። እነዚያ ሁለት ጓደኞች ባይደክሙ ኖሮ የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን ወደ አማርኛ ከየት አምጥቶ ይመልሰው ነበር?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ጓደኛችሁ የጻፈውን ጽሑፍ ወዲያ አትጣሉት፤ አስቀምጡለት።